የሰሚዎቿን ስም አልሰጥም ያለችው አንባቢ

ጉሮሮ ነበር የምንላት። ስሙን ያወጣላት የሕንጻው ዘበኛ ነው፤ ክረምት ከበጋ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ ስለምትገባና ቀዝቃዛ ውሃ ሲሰጧት እባብ እንዳየ ሰው ወደ ኋላ ስለምትል። መጀመሪያ ከኋላዋ ነበር የምንጠራት። አንድ ቀን ሰማችን። ትቆጣለች ብለን አንገታችንን ደፍተን ስንጠብቅ፣ «ምን ያሳፍራችኋል? የምበላውም የምሠራውም በእሱ አይደል!» አለችና ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊቷ «እትዬ ጉሮሮ» እያልናት ኖርን።

ሥራዋ መጽሐፍ ማንበብ ነው። ሰው መኪና እየነዳ፣ ልብስ እያጠበ፣ ወይም ዓይኑ ደክሞ በስልኩ የሚያዳምጠውን መጽሐፍ ከፊደል ወደ ድምፅ የምታመጣው እሷ ነበረች። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ ድምፅዋን እቀርጻለሁ፤ እሷ ከመስታወቱ ወዲያ አንዲት አምፖል ሥር ተቀምጣ ታነባለች። ክፍሏ ድሮ የዕቃ መጋዘን የነበረች ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ በስፖንጅ ተለብጧል፣ በሯ ሲዘጋ ጆሮ ይደፍናል። ማይክራፎኑ የማይሰማው ነገር ስለሌለ ማራገቢያ አይከፈትም። በሙቀት ወራት ላቧ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ ገጹ ላይ እንዳይወድቅ በመሐረብ እየያዘች ታነባለች። ድምፅዋ ግን ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚያወጋ ሰው ድምፅ ነው። አንዳንዴ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ማይክራፎኑ የሆዷን ጩኸት ይይዘዋል።

«እትዬ፣ ሆድሽ ተናገረ» እላታለሁ።

«ምን አለ?»

«ገጹን ድገሚው አለ።»

«እሱ ካለማ ምን ይደረጋል» ትልና፣ ካቆመችበት ሳይሆን ከአንቀጹ ራስ ትነሳለች። ከዓረፍተ ነገር መሐል መቀጠል አትወድም። «ስፌቱ ይታያል» ትላለች።

ወደዚህ ሥራ የመጣችው ከሆስፒታል ነው። ሐኪም አልነበረችም፤ ስልክ ተቀባይ ነበረች። ልጄ ትኩሳት ይዞታል የሚለው፣ አባቴ የተኛው የትኛው ክፍል ነው የሚለው፣ አስከሬን የምንወስደው በየት በኩል ነው የሚለው፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚሰማው የእሷን ድምፅ ነው። «የማያይህን ሰው ማናገር የተማርኩት እዚያ ነው» ትለኝ ነበር። «ዓይኑ ስለማያይህ ጆሮው ሁሉን ያያል። ብትቸኩል ያውቃል፤ ብትሰለች ያውቃል።» የድምፅ መጻሕፍት ድርጅታችን ባለቤት ታማ የተኛች እህቱን ሊጠይቅ ሲደውል ነው የሰማት። እህቱ ድና ከወጣች በኋላ ተመልሶ ሄደና «ስልኩን የምታነሳዋ ሴትዮ የታለች?» ብሎ ፈልጎ አገኛት።

ባሏ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጆሮውን የሞተር ጩኸት ከበላው ቆይቷል። አገር ምድሩ የሚሰማትን ሴት ባሏ አይሰማትም እያልን እንስቅበት ነበር። እሱም አፍ አያጣም፤ «እኔ ዕድሜ ልኬን በነጻ ሰምቻታለሁ፤ እናንተ ክፈሉ!» ይለናል።

የኋላ ኋላ በነጻ የሚሰማት ሰው በዛ።

ነገሩን መጀመሪያ ያገኘችው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ወደ ሥራ ስትመጣ አጠገቧ የተቀመጠ ጎረምሳ የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ ተበጥሶበት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። የራሷ ድምፅ ነው። ያውም ገና በዚያው ሳምንት ለሽያጭ ያወጣነው መጽሐፍ።

«የኔ ልጅ፣ ምንድን ነው የምትሰማው?» አለችው።

«መጽሐፍ ነው እናቴ። ደስ ይላል። ልላክልዎት?»

«ገዝተኸው ነው?»

«ኧረ የምን መግዛት! ነጻ የሚያወርዱበት ድረ ገጽ አለ። የዚህች ሴትዮ ሥራ አንድ ሳይቀር እዚያ አለ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንባቢዋ ግን ሞታለች አሉ። ያሳዝናል።»

«ነፍስ ይማር» አለች እሷ።

ስቱዲዮ ስትደርስ ይህንን እያስመሰለች ነገረችን፤ የእሱንም የራሷንም ድምፅ እያወጣች። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሷም አብራን ስትስቅ ቆየችና፣ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ። ሻርፗን ወደ ዓይኖቿ ሳብ አድርጋ፣ «ላንቃዬ እስኪደርቅ ያነበብኩት ነው እኮ» አለች። ሁላችንም ወደየሥራችን ዞርን።

ነገሩ የቀልድ አልነበረም። መጽሐፍ ባወጣን ማግስት እዚያ ድረ ገጽ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ከሽያጩ ድርሻ የሚደርሰን ሁላችን ገቢያችን እየሳሳ ሄደ። የወንድ ገጸ ባሕርያትን ያነብ የነበረው ባልደረባዋ ተሰናበተ። ተጀምሮ የነበረ አንድ ረጅም ልብ ወለድ መሐል ላይ ቆመ። የድርጅታችን ባለቤት ፊቱ ጠቆረ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ኪራይና ደመወዝ ደጅ ላይ ቆመው የሚጠሩት ሰው ነው። በመጨረሻ ጠበቃ ቀጠረ።

ጠበቃው ንግግሩ ለስላሳ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ሰብስቦ አስረዳን። ከዚያ ድረ ገጽ ፋይል የሚያወርድ ሰው ሁሉ ሳያውቀው የኢንተርኔት መስመሩን ቁጥር ትቶ ይሄዳል። ቁጥሩን ባለሙያ ቀጥረን መልቀም እንችላለን። ቁጥሩ የየትኛው ቤት እንደሆነ የሚያውቀው ግን የኢንተርኔት አገልግሎት የሚሰጠው ኩባንያ ብቻ ነው፤ እሱም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይናገርም። ትእዛዙን ካገኘን ለእያንዳንዱ ቤት ማስጠንቀቂያ ይላካል፤ ካሳ ይጠየቃል፤ ሰው ይፈራል።

«የድረ ገጹን ባለቤትስ?» አለችው።

«እሱ የተደበቀ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል። አውራጆቹ ግን በእጃችን ናቸው። የንባቡ መብት የእርስዎም ስለሆነ ፊርማዎ ያስፈልገናል።»

ተናዳ ነበር። የተሰናበተው ባልደረባዋ በዚያው ሰሞን ታሞ ተኝቷል። «የሌባ ዘሩ ይለቀም!» ብላ እስክሪብቶ ተቀብላ ፈረመች።

መጀመሪያ ላይ ፍርድ ቤቱ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ፈቀደ። ጠበቃው የመረጠው ከሁሉ በብዛት የወረደውን ነው። ያ መጽሐፍ ልብ ወለድ አይደለም። አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ ቤታቸው ውስጥ ዱላ ለሚበዛባቸው ሴቶች የጻፈችው ምክር ነው፤ መቼ መውጣት፣ ማንን ማመን፣ ልጆችን እንዴት ይዞ መሄድ እንደሚቻል የሚያስረዳ። ከልብ ወለዱ ሁሉ በልጦ ለምን ይህ እንደወረደ ቆም ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ማስጠንቀቂያዎቹ ታተሙ፣ ታሸጉ፣ በየቤቱ ተላኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ግራ እጇ በጄሶ የታሰረ አንዲት ወጣት ሴት ቆማለች። በቀኝ እጇ የእኛን ማስጠንቀቂያ ይዛለች፤ አድራሻችን ከግርጌው ላይ አለ። ልትጣላ መጣች ብዬ በሩን ገርበብ እንዳደረግሁ ቀረሁ።

«መጽሐፉን የምታነበው ሴትዮ እዚህ ናት?» አለችኝ።

እትዬ ጉሮሮ ድምፅ ሰምታ ከውስጥ ወጣች። ወጣቷ ገና «ምን ልርዳሽ የኔ እህት?» የሚለውን ስትሰማ፣ ዘመዷን ያገኘች ይመስል ፊቷ ተፈታ። ፊቷን አይታት አታውቅም፤ ድምፅዋን ግን ታውቀዋለች።

አስቀመጥናት። ውሃ ሰጠናት። ቀስ እያለች ነገረችን። መጽሐፉን ያወረደችው በቤታቸው ኢንተርኔት ነው። መስመሩ የተመዘገበው በባሏ ስም ስለሆነ ማስጠንቀቂያው የመጣው በእሱ ስም ነው። እሱ ደግሞ መጽሐፍ ሰምቶ አያውቅም።

«ርዕሱ ተጽፎበታል?» አለች አንባቢዋ።

«በትልቁ» አለች ወጣቷ። «ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።»

ስለ እጇ ማንም አልጠየቃትም።

«ልወቅስሽ አይደለም የመጣሁት፣ እትዬ» አለች። «ልብስ ሳጥብ ነበር የምሰማሽ። ስልኬን ሰብሮታል። የመጨረሻውን ምዕራፍ አልሰማሁትም። ከወጡ በኋላ ስላለው ነገር የሚያወራውን። እሱን ሳልሰማ መውጣት ፈራሁ።»

አንባቢዋ ተነሳች። ወጣቷን በደህና እጇ ይዛ ወደ ንባብ ክፍሉ አስገባቻት፤ በራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ ለራሷ በርጩማ ሳበች። መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረደች። ከዚያ በመስታወቱ ወደኔ አየችና በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፤ ዝጋው።

ማይክራፎኑን ዘጋሁት። ከዚያች ክፍል የሚወጣ ድምፅ ሁሉ ለዓመታት በእኔ ጆሮ አልፏል፤ ሳሏን፣ የሆዷን ጩኸት፣ የገጽ ማዞሯን ሳይቀር አውቀዋለሁ። የዚያን ቀን ግን አንድ ቃል አልሰማሁም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየሁት። ወጣቷ ጄሶውን ጭኗ ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። አንድ ቦታ ላይ እጇን አነሳች፤ አንባቢዋ ወደ ኋላ ተመልሳ ያንኑ ደገመችላት። ምዕራፉ ሲያልቅ ሁለቱም ወዲያው አልተነሱም።

ሲወጡ አንባቢዋ ለመጽሐፉ ደራሲ ደወለች። ደራሲዋ መጠለያ ታውቅ ነበርና በዚያኑ ሰዓት ሰው ላከች። ወጣቷ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ወስዳ፣ የያዘችውን ብቻ ይዛ ሄደች።

በሩ ከተዘጋ በኋላ «እኔ ነኝ የፈረምኩት» አለችኝ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ እትዬ…»

«እኔ ነኝ የፈረምኩት» አለች እንደገና፤ ሻርፗን አስተካክላ ወደ ባለቤቱ ቢሮ ገባች። በሩን አልዘጋችውም።

ባለቤቱ ሲሰማ ደነገጠ፤ በእውነት ደነገጠ። ጠበቃውንም አስጠራው። ጉዳዩ ግን ሩቅ ሄዶ ነበር። ጠበቃው የቀሩትን መጻሕፍት ያወረዱ ሰዎች ስም በሙሉ እንዲሰጠን አዲስ ጥያቄ አስገብቷል፤ የሚታይበትም ቀን ተቆርጧል።

«ይቅር» አለች።

«ምኑ ነው የሚቀረው?» አለ ባለቤቱ። «ያቺ ሴት ታሳዝናለች፤ አንጀቴን በልታዋለች። የቀሩት ግን ሌቦች ናቸው! ቤቴን ዘረፉኝ፣ አንቺ ደግሞ ጠበቃ ልትቆሚላቸው ነው? ይህን ክፍል ብዘጋው የት ልታነቢ ነው?»

«ሌባውን ፈልግ። ያዘው፣ ክሰሰው፣ አጠገብህ እቆማለሁ። ሰሚውን ተወው።»

«ሰሚውም እኮ ሰርቋል።»

«ሰርቋል» አለች። «አልካድኩም። ግን አስበው እስቲ፤ ሰው በሽታውን ይሰማል፣ እምነቱን ይጠይቃል፣ አፍ አውጥቶ ለናቱ የማይነግረውን ነገር በኔ ድምፅ ይሰማል። እኔ እኮ ጆሮው ውስጥ ነኝ። ሐኪም እንኳ እዚያ ድረስ አይገባም። እንዲህ የገባሁበትን ሰው ወጥቼ፣ እገሌ ይህን ይሰማል ብዬ ለቤቱ ሰው፣ ለአሠሪው ልንገር?»

ጠበቃው እስክሪብቶውን በጣቶቹ መሐል ያዞራል። «እርስዎ ካፈገፈጉ ጥያቄያችን ይዳከማል» አለ። «ውል አለብዎት። ድርጅቱ ሊጠይቅዎት ይችላል። ይህን ሳልነግርዎት ብቀር ጥፋት ይሆንብኛል።»

«ነገርከኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ችሎቱ ላይ እመጣለሁ። የምናገረውን ግን እኔ ነኝ የማውቀው።»

ቤቷ ስትገባ ለባሏ ነገረችው፤ ጮክ ብላ መንገር ስላለባት ጎረቤቱም ሰማ። ሹፌሩ አሰበ አሰበና፣ «መኪና ሳሽከረክር የጫንኩትን ዕቃ እንጂ የተሳፋሪውን ኪስ አልፈተሽኩም» አላት። የፈቃድ ያህል ነበር።

የችሎቱ ቀን እኔም ሄድኩ። አግዳሚ ወንበሮቹ ሞልተዋል፤ ጣራው ላይ ማራገቢያ እየተንቋቋ ይዞራል፤ እሷ ማራገቢያውን ቀና ብላ አየችና ወደኔ ዞራ «ይሄ እየዞረ አትቀርጽም ነበር» አለችኝ። ለሕዝብ ታነባለች እንጂ ሕዝብ ፊት ቆማ አታውቅም።

ዳኛዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየቻት። «እርስዎ ከከሳሽ ወገን ነዎት ይላል። አሁን የሚሉት ደግሞ ጥያቄው ውድቅ ይሁን ነው። የማን ወገን ነዎት?»

«የተሰረቅኩት እኔ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ» አለች። «የሰረቀኝ ይያዝልኝ። የሰሙኝን ሰዎች ስም ግን አልፈልግም። አንድ ጊዜ ፈልጌ ሰው ተጎዳብኝ።»

የሆነውን ተናገረች። በዚያ ድምፅ ስትናገር ጸሐፊው እንኳ መጻፉን ረስቶ ቀና አለ። የወጣቷን ቤት፣ ሰፈር፣ መልክ፣ የልጆቿን ቁጥር አላነሳችም።

«ይህች ሴት ማን ናት?» አለች ዳኛዋ። «ስሟን ያስመዝግቡ። የስሚ ስሚ ወሬ ሆኖ እንዳይቀር።»

«አልናገርም፣ ክብርት ዳኛ።»

«ፍርድ ቤት ሲጠይቅዎት አልናገርም ማለት በሕግ ሊያስጠይቅዎት እንደሚችል ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ጠበቃችን ነግሮኛል። ግን ስሟን እዚህ ከተናገርኩ፣ እዚህ ለምን ቆምኩ?»

ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወደ እስር ቤት የምትሄድ መስሎኝ ሻርፗንና ውሃ መያዣዋን አስቤ ነበር። ያኔ ነው የራሳችን ጠበቃ የተነሳው። ባለቤቱ ኮቱን ጎተተው፤ እሱ ግን ቆመ።

«ክብርት ዳኛ» አለ፣ «የተጎዳችው ሴት የሐኪም ማስረጃ ከመጠለያው መጥቶ ስሙ ተሸፍኖ ቢቀርብ ከእኛ በኩል ተቃውሞ የለም። የተላከውን ማስጠንቀቂያ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ምስክሯ የተናገሩት ልክ ነው።»

ዳኛዋ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። «ስሙ ተሸፍኖ ይቅረብ» አለች።

ፍርዱ በሌላ ቀን ተነበበ። ሥራዋን ያለ ፈቃድ አባዝቶ የሚያሰራጨው የድረ ገጹ ባለቤት ማንነት እንዲገለጽ ታዘዘ። የአውራጆቹ ስም ግን እንዳይሰጥ፣ ቀድሞ የተሰጠውም እንዲሰረዝ፣ ማስጠንቀቂያውም ከዚህ በኋላ እንዳይላክ ተወሰነ። ሰው በቤቱ ምን እንደሚያነብና ምን እንደሚሰማ የግል ጉዳዩ ነው፤ የአንዱን መብት ለማስከበር የሌላው ገመና በጅምላ አይገለጥም ትላለች ዳኛዋ በጻፈችው ውሳኔ ላይ። አንባቢዋ ግልባጩን ወስዳ ለባሏ ጮክ ብላ አነበበችለት፤ ሹፌሩ ከዕድሜ ልኩ ንባብ ሁሉ ይኸኛው ነው ደስ ያለኝ አለ።

የድረ ገጹ ባለቤት ተገኘ። ስልክ የሚጠግን ሰው ነው፤ ድረ ገጹ ላይ በሚለጥፈው ማስታወቂያ ጥሩ ገቢ ያገኝ ነበር። ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ሲያያት ክው አለ።

«እርስዎ… በሕይወት አሉ እንዴ?»

ለካ ሞተች የሚለውን ወሬ የነዛው እሱ ራሱ ነው። «የሟቿ የመጨረሻ ሥራዎች» ብሎ ሲጽፍበት በብዛት ይወርድ ነበር። ይህን ሲነግራት ግድግዳ ተደግፋ እስክትንፈራፈር ሳቀች። «ታዲያ ለተዝካሬ እንኳ አልጠራኸኝም!» አለችው። ሰውየው አንገቱን ደፋ። ካሳውን ከፈለ፤ ድረ ገጹን ዘጋ።

እንዲህ ሲባል ነገሩ ሁሉ አማረ ማለት አይደለም። እሱ ሲዘጋ ሌሎች ከፈቱ። የድርጅታችን ባለቤት ኪራዩን መቻል አቅቶት ስቱዲዮውን ዘጋ። በውሏ አልጠየቃትም፤ ግን ለረጅም ጊዜ መንገድ ላይ ሲያያት ወደ ማዶ ይሻገር ነበር። እሱ ነው እህቱን ሊጠይቅ ደውሎ ለዚህ ሥራ ያበቃትና፣ መሻገሩ ከገንዘቡ ይልቅ ይቆጠቁጣት እንደነበር አውቃለሁ። አንድም ቀን ግን በሠራሁት ተጸጸትኩ ስትል አልሰማኋትም።

ሥራ አልተወችም። ልብስ ድምፅ ይውጣል ብዬ ስነግራት የመኝታ ቤቷን ቁም ሣጥን በር ከፍታ፣ በካፖርትና በቀሚስ መሐል ወንበር አስገባች። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ከመሣሪያዬ ጋር ተቀመጥኩ። ሹፌሩ ደጅ ወንበር አውጥቶ አላፊ ሻጭና ቆራሌ እንዳይጮህ ይጠብቃል። ጆሮ የሌለው ሰው ጸጥታ አስከባሪ ሆነ ብለን ሳቅንበት፤ ከሁላችንም በላይ የሚጮኸው እሱ ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ቀጥሎ ያመጣችው ሐሳብ ነው። ሰው የስልክ ካርድ ሲገዛ ስሙን ማን ይጠይቀዋል? ፍቆ ቁጥሩን ያስገባል፤ አለቀ። መጽሐፉንም እንዲሁ እንሽጥ አለች። ካርድ አሳተምን፤ በየፋርማሲውና በየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ አስቀመጥን። የሚገዛው ሰው ፍቆ ቁጥሩን ያስገባና ይሰማል። ስም የለም፣ ስልክ ቁጥር የለም፣ እገሌ ይህን ሰማ የሚል ነገር የትም አይቀመጥም። ያ ጠበቃ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ውላችንን ጻፈልን፤ ዋጋ አልጠየቀንም። ሰርቆ የሚሰማ አልጠፋም፤ የሚገዛው ግን ከጠበቅነው በላይ ሆነ። ፋርማሲ የምትሠራ አንዲት ሴት፣ አንዳንዱ ደንበኛ ካርዱን የሚገዛው ዙሪያውን አይቶ ነው ያለችኝ ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የቀድሞው ስቱዲዮ ባለቤትም ውሎ አድሮ ቁም ሣጥኑን ሊያይ መጣ። ገብቶ ቀሚሶቹ መሐል ተቀመጠና «እዚህስ ከስቱዲዮው ይሻላል» አለ። እሷ ሻይ አፈላችለት። አሁን ካርዱን የሚያከፋፍለው እሱ ነው።

ስለ ወጣቷ የምናውቀው ጥቂት ነው። ደራሲዋ አንድ ጊዜ «ደህና ናት፤ ልጆቹም ይማራሉ» ብላ ነገረቻት። የት እንዳለች አልነገረቻትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ባለፈው ዓመት ከአንድ ትልቅ የድምፅ መጻሕፍት ኩባንያ ሁለት ሰዎች መጡ። ጨዋዎች ናቸው። ሥራዋን በሙሉ ሊገዟት ፈለጉ፤ ያቀረቡላት ነገር ዳጎስ ያለ ነው። ኮምፒውተራቸውን ከፍተው አሠራራቸውን አሳዩን። እያንዳንዱ ሰሚ የት እንደጀመረ፣ የትኛውን ገጽ መልሶ እንደሰማ፣ የትኛው ቃል ላይ እንዳቆመ ይታያል።

ጠጋ ብላ አየችው። እሷን የማያውቅ ሰው ስሌት የምታሰላ ይመስለዋል። እኔ ግን አውቃታለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሰው የቱ ጋ ሲደርስ ይሰለቸዋል? የቱ ጋ ያለቅሳል?» እያለች ስትጠይቀኝ የኖረችው ይህንን ነው። ማንም አንባቢ ይህን ሊያውቅ ይጓጓል። ጣቷን አንስታ ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት አስጠጋች፤ አንድ ነጥብ ላይ። የሆነ ሰው፣ የሆነ ቤት፣ የሆነ ዓረፍተ ነገር ላይ አቁሟል።

«ይሄኛው ለምን አቆመ?» አለች።

«ከፈለጉ ማን እንደሆነ ማወቅ ይቻላል» አለ አንደኛው፤ ሊያስደስታት።

ጣቷን ሰበሰበች። «አይ፣ ልጄ» አለች በጣም በቀስታ። «በር ተንኳኩቶበት ይሆናል። ወይ እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል። ይተኛ።»

ሻይ ጠጥተው፣ ተሰናብተው ሄዱ። ባሏ ምን እንደፈለጉ ጠየቃት፤ ነገረችው፤ አልሰማም፤ ደገመችለት፤ አሁንም አልሰማም። ሳቀችና ተወችው።

ዛሬ ድምፅዋ ትንሽ ሻክሯል። ከሰዓት በኋላ አይቀናትም፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የምንቀርጸው። አሁን የያዝነው ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ «ማን ይሰማዋል?» ብላት «የሚያስፈልገው» ብላ አፌን ዘጋችው። ዛሬ ጠዋት ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ «ቀፎ» የሚለውን ቃል ጠብቆ ነው ላልቶ የሚነበበው ብለን ተከራከርን፤ እሷ ረታችኝ፤ ቁም ሣጥኑን ዘግተን ቀጠልን።